ዘጠና ቀን ያለው ድምፅ

ይህ ታሪክ ያልተጨመረበት፣ ያልተቀነሰበት እውነት ነው። የካዛንቺስ ድንጋይ ሁሉ ይመሰክር ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ አብዛኛው ፈርሶ ተጭኖ ሄዷል።

ዝንብ ስታስነጥስ የየትኛው ሰፈር ዝንብ እንደሆነች የምትለየው ኢንስፔክተር ኢፍቱ የደረሰችው ከቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ከመንደሩ የቀረችው አንዲት የጣሊያን ቤት ብቻ ነበረች። ነፋስ ሳይኖር በሯ ሲጢጥ ይላል።

ውስጥ፣ ሠላሳ ዓመት በባሕር ሕግ ስምምነቶች ላይ ሲደራደሩ የኖሩት አቶ ካሳይ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተዋል።

«ስምንት ሰዓት ግድም ነው» አለ ሐኪሙ። «ልባቸው ቆሟል፤ በራሱ ይሁን በትራስ አላውቅም።»

«አሥር ሰዓት ላይ ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ» አለች ጸሐፊያቸው ሲምረት።

«ምን አሉ?»

«እንደ ልማዳቸው፣ ብቻቸውን ሁለቱንም ወገን ሆነው ይለማመዱ ነበር። ‹ባለቤቱ መርከቡን ጥሎ ቢጠፋ፣ ወደቡ መርከበኞቹን ዘጠና ቀን ያስጠልል› እያሉ። ማለቴ፣ በግድግዳው በኩል ነው የሰማሁት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት፣ በቃ…»

«እኔ ስምንት ሰዓት ላይ ወጥቻለሁ» አለ ምክትላቸው ናኦድ። «አሥር ሰዓት ላይ ሆቴል ውስጥ አርባ ሰው ፊት ነበርኩ።»

«ቆጠሯቸው እንዴ?» አለች ኢፍቱ። «ለመሆኑ ነገ ድርድሩ ላይ ልዑኩን ማን ይመራል?»

ናኦድ መሬት መሬቱን አየ። «አሁንማ እኔ ነኝ።»

ኢፍቱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ረቂቅ ገለጠች። «ይህ ስድሳ ቀን ነው የሚለው።»

«ሰኞ ነው የተስማሙት» አለች ሲምረት። «በዘጠና ገብተው በስድሳ ወጡ።»

መደርደሪያው ላይ የድምፅ መቅረጫ አለ። ኢፍቱ ቁልፉን ስትጫነው ሟቹ «ዘጠና ቀን» አሉ። ሲምረት ወደ በሩ አፈገፈገች።

ኢፍቱ ሁለቱን አስቀመጠች፤ ከጓዳ የሟቹን ታላቅ እህት እማማ ዘውዲን አስጠራች።

«ተደራዳሪ የዘጋውን አንቀጽ መልሶ አይከፍትም፤ ሃይማኖቱ ነው» ብላ ጀመረች። «አቶ ካሳይ ሰኞ ስድሳ ብለው ተጨባብጠዋል። ዛሬ ዘጠና ያለው ድምፅ እንግዲህ ከሰኞ በፊት የተቀዳ ነው። ይህ መቅረጫ ሰዓት ከተሞላለት ራሱን ያስነሳል። የሞተ ሰው አሥር ሰዓት ላይ እንዲናገር የሚፈልግ ማነው? ስምንት ሰዓት ላይ የወጣው፣ ነገ ወንበራቸውን የሚወርሰው። እጅህን አምጣ፣ ናኦድ።»

«በልጄ እምላለሁ፣ አልነካኋቸውም።»

ካቴናው ሲቆለፍ እስከ ጎተራ ሰፈር ተሰማ።

«ተይው ልጄ» አሉ እማማ ዘውዲ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ናኦድን በር ድረስ ሸኝቶት፣ ተመልሶ ተቀምጦ ነው ያረፈው። ዓይኑን የከደንኩለት እኔ ነኝ።»

«መቅረጫውስ?»

«ትንፍሽ አላለም። እስከ አሥር ተኩል አጠገቡ ነበርኩ።»

ኢፍቱ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ታዲያ ለምን ሰው አልጠሩም?»

«ሰኞ ስድሳውን እሺ ያለው ደክሞት ነበር። ዘጠናውን ሊያስመልስ ዓይኑ እንደተከደነ ሲከራከር፣ መሃል ገብቼ ላቋርጠው?»