ጠያቂ ሲመጣ የምትነሳዋ

ይሄ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ፈጠራ የሚመስለው ካለ እዚሁ ላይ ማንበቡን ያቁም። ላሳምን አልመጣሁም፤ ሰው ማሳመን ከሰለቸኝ ቆይቷል።

ሰዓቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከቀኑ።

አዎ፣ በቀን። ጨለማ የለም፣ ጅብ አይጮህም። ፀሐይ በመስኮት ገብታ አልጋዬ ላይ ተዘርግታለች።

ቦታው ጭሮ ነው፤ ትልልቆቹ አሁንም አሰበ ተፈሪ የሚሉት። ከምሳ በኋላ ይህን ከተማ ያየ ያውቀዋል። ጫቱ ተገዝቷል፣ ሰው በየቤቱ ጋደም ብሏል፣ መንገዱ ጭር ብሏል። በዚያ ሰዓት አንድ ሰው ቢጮህ፣ ሁሉም "ሌላ ሰው ይደርስለታል" ብሎ ይቀመጣል።

አብርሆት እባላለሁ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ መጥቼ፣ እትዬ ሳህሊቱ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ፊት ለፊት ያለችው የእንግዳ ናት፣ የውስጧ መኝታ። በመካከላቸው መጋረጃ ብቻ ነው ያለው።

ታምሜያለሁ። ሕመሜ ግን ሕመም አይመስልም።

ድብርት ያለበት ሰው ምግብ ይጠላል ይባላል፤ እኔ ድስት እጠርጋለሁ። እንቅልፍ ያጣል ይባላል፤ እኔ ግማሽ ቀን ተኝቼ ደክሞኝ እነሳለሁ። እጅና እግሬ እርጥብ አሸዋ እንደሞሉበት ጆንያ ይከብደኛል። አንድ ሰው ፊቱን ካጠቆረብኝ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ቀና አልልም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው።

ሰው ሲመጣ... እነሳለሁ።

በእኛ አገር ታማሚ ዝም ብሎ አይጠየቅም። ጠያቂ ሙዙን ይዞ፣ ወሬውን ይዞ ይመጣል። ያጫውታል፣ ያስቃል። በሽተኛው ከሳቀ "ተመስገን፣ ድናለች" ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ደግሞ እስቃለሁ። የእውነቴን ነው የምስቀው፣ አላስመስልም። እነሱ እስካሉ ድረስ ክብደቱ ከላዬ ይነሳል። ከበር እንደወጡ ተመልሶ ይጫነኛል።

ስለዚህ ለሰው ታማሚ አይደለሁም። ሰነፍ ነኝ።

"ልጄ፣ ሰው ሲኖር ትፈነጥዢያለሽ፤ ሥራ ሲባል ትወድቂያለሽ። ይሄ የሐኪም ነገር አይደለም" አሉኝ እትዬ ሳህሊቱ። ወደ አሰቦት ፀበል ወሰዱኝ። ሚኤሶ ላይ መኪናው ቆሞ ሐብሐብ ስንበላ፣ ከተሳፋሪው ጋር ስጫወት አዩኝ።

"አየሽ? ገና ሳንደርስ ለቀቀሽ!"

ደስታቸውን ላበላሽ አልፈለግሁም። ቤት ስንመለስ ግን ያው ነው።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ለእንቅልፋም ሰው እንቅልፍ የሚጨምር ኪኒን ሰጡኝ። እንግዲህ እናንተም ሳቁ።

በመጨረሻ ጌዲዮንን አገኘሁ። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው። በእሱም ፊት ሳቅሁ፣ ቀለድኩ። እሱ ግን አልሳቀም።

"አሁን ስትስቂ ክብደቱ የት ሄደ?" አለኝ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አለቀስኩ።

"የድብርት ዓይነት አንድ ብቻ አይደለም" አለኝ። "የአንቺ ደስ የሚል ነገር ሲመጣ ቀለል ይላል፣ ሲሄድ ይመለሳል። ሰው የሚታለለው እዚያ ላይ ነው። መድኃኒቱን እንቀይራለን፣ እየመጣሽም እናወራለን። ሳምንታት ይፈልጋል። ተሻለኝ ብለሽ በራስሽ እንዳታቆሚ። እሺ?"

"እሺ።"

አላቆምኩም። ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ጠዋት ማንም ሳይመጣ፣ ማንም ሳይጠራኝ ተነስቼ ፀጉሬን ታጠብኩ። ለእናንተ ይሄ ምንም አይደለም፤ ለእኔ ሠርግ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው የጀመረው...

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከብዶኝ ተኝቻለሁ። በር ተንኳኳ።

"ቲቸር! አለሽ ወይ?"

ሳጂዳ ናት፤ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ። መንገድ ዳር ሳምቡሳ ትሸጣለች፣ የተረፈውን ይዛልኝ ትመጣለች። ክብደቱ እስኪነሳልኝ ጠበቅሁ።

አልተነሳም።

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። ምላሴም ከበደኝ።

ያን ጊዜ በእንግዳው ክፍል ውስጥ እግር ተራመደ... መወርወሪያው ተከፈተ።

"ግቢ እንጂ አቦ! በር ላይ ምን ያቆምሻል?"

ድምፁ የእኔ ነበር።

ሳጂዳ ገባች። ሲሳሳቁ ሰማሁ። የእኔን ሳቅ ከውጭ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ደስ የሚል ሳቅ ነው፣ ማንንም ያሳምናል።

ሳጂዳ ስትሄድ እግሩ ወደ መኝታው መጣ። መጋረጃው ጋ ሲደርስ ቆመ። ከመጋረጃው ሥር ነጠላ ጫማዬ ይታየኛል።

ግራና ቀኙን አቀያይራ ነው ያደረገችው።

ትንፋሼን ዋጥኩ። መጋረጃው አልተገለጠም። ስነቃ መሽቷል፤ ሳህኑ ታጥቧል፣ ሳምቡሳው አንድም አልቀረም።

በማግስቱ ሳጂዳ መንገድ ላይ አቅፋ ሳመችኝ።

"ወላሂ ትናንት በሳቅ ገደልሽኝ!"

"ምን ብዬ?" አልኳት በሹክሹክታ።

"እንዴ! ኪኒን ሰለቸኝ፣ ድኛለሁ፣ ላቆመው ነው አላልሽም?"

"አላልኩም... ሳጂዳ፣ እኔ አይደለሁም።"

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ትከሻዬን መታ አድርጋ ሳቀች። "ቀልደኛ!"

ወደ ጌዲዮን ሮጥኩ። በሩን ስከፍት ደነገጠ።

"ምን ረስተሽ ተመለስሽ?"

"መቼ መጣሁ?"

"አሁን ወጣሽ እኮ። ድኛለሁ፣ መድኃኒቱን አስቁመኝ ስትዪኝ አልነበር? አይሆንም ብዬሽ ስቀሽ ወጣሽ።" ፊቴን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አብርሆት... ቤት ውስጥ ብቻሽን ነሽ?"

"አላውቅም" አልኩት። "አንተ ካመንካት እኔ አለቀልኝ። ከአንተ ሌላ ሕመሜን ያወቀ ሰው የለም።"

የቀጠሮ ደብተሩን ገለጠ።

"ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ። ሲከብድሽ ልይሽ። አትነሺ፣ አታስተናግጂኝ፣ በሩን ክፍት ተዪው። ማንም ሰው አይኑር። ተኝተሽ ካየሁሽ ይበቃኛል።"

እትዬ ሳህሊቱንም ሳጂዳንም እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኩ። ሐሙስ ሐኪም ይመጣል፣ እባካችሁ ማንም አይምጣብኝ። እሺ አሉ። ሁለቱም ተያይተው እሺ አሉ።

ሐሙስ በሩን ክፍት ትቼ ተኛሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ክብደቱ ከእግሬ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣብኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መምጣቱ ደስ አለኝ። ይምጣና ይየኝ አልኩ።

ከዚያ ግቢው ውስጥ የሳህን ድምፅ ሰማሁ...

"ሐኪም ያህል እንግዳ ባዶ ቤት ሊገባ ነው እንዴ? ነውር አይደለም?" እትዬ ሳህሊቱ ናቸው። ዳቦ ደፍተው መጥተዋል።

"እሷ እኮ አፍራ ነው አትምጡ የምትለው። ሻሂውን እኔ ይዣለሁ" አለች ሳጂዳ።

ሂዱ! ልላቸው ፈለግሁ። ውጡልኝ! ከአፌ ትንፋሽ እንጂ ቃል አልወጣም።

"ኑ ግቡ፣ ኑ ግቡ!" አለች በእኔ ድምፅ። "እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?"

ክፉ ሰዎች ቢሆኑ እረግማቸው ነበር። በደግነታቸው ነው የገደሉኝ።

ጌዲዮን ገባ። ሰላምታ ተለዋወጡ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ሻሂው ተቀዳ፣ እሷ ስለ ተማሪዎቼ ቀልድ አወራች። እሱ ለረጅም ጊዜ አልሳቀም። እዚያ ያለኝ ተስፋ ያ ዝምታው ብቻ ነበር።

"መኝታ ክፍልሽን ልየው?" አላት።

የሻሂ ብርጭቆ ሲቀመጥ ሰማሁ።

"እየው" አለችው።

መጋረጃው ተገለጠ። ጌዲዮን ቆሞ ወደ እኔ ተመለከተ። ዓይን ለዓይን ተያየን። እጄን ማንሳት አልቻልኩም፤ ያለኝን ሁሉ ዓይኔ ላይ አደረግሁ። እየኝ። እባክህ እየኝ። ዕንባዬ በጆሮዬ በኩል ወረደ።

ፈገግ አለ።

"አልጋሽን አንጥፈሻል" አላት ወደ ኋላው ዞሮ። "ጎበዝ! እኔ ተኝተሽ አገኝሻለሁ ብዬ ነበር። በዚህ ሰዓት ተነስቶ አልጋ ማንጠፍ ቀላል ለውጥ አይደለም።"

መጋረጃውን መለሰው።

ከዚያ ወዲያ ሳቀ። አራቱም ሳቁ። መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እንደሚቀንስላት፣ ቀጠሮዋንም ለሌላ ታማሚ እንደሚሰጥ ነገራት። ብዙ የሚጠብቅ ሰው አለ አለ። እትዬ ሳህሊቱ እልል አሉ።

ሊሸኙት ተነሱ። እንግዳ እስከ ግቢው በር መሸኘት አለበት። ሲወጡ ሰማኋቸው፤ ምስጋናቸው፣ ምርቃታቸው ከውጭ ይሰማኛል።

የሦስት ሰው እግር ብቻ ነበር የወጣው።

መጋረጃው ተገለጠ። ፊቷን ላያት ዓይኔን ማዞር አቃተኝ። የብርድ ልብሱን ጠርዝ ከእግሬ ሥር ያዘችና ወደ ላይ ሳበችው። ወገቤን፣ ደረቴን፣ አገጬን ሸፈነው። አትቸኩልም። እናቴ ቤት እንደማደርገው እጥፋቱን በመዳፏ እያሻሸች ታስተካክለዋለች።

"ቲቸር! ኮቱ! ነይ እንጂ፣ ሐኪሙን ሸኚ!" ብላ ሳጂዳ ከበር ላይ ጠራች።

"መጣሁ!" አለች፣ ብርድ ልብሱን በተከፈተው ዓይኔ ላይ እየሳበች። "አልጋዬን እያነጠፍኩ ነው!"