በዳዶው ላይ ያለው ቀይ መስመር

ባለፈው ሚያዝያ አሌክሳንድሪያ ያለው የኃይለመለኮት ጋራዥ የሞተር ሳይክል ጎማ መቀየሪያ ዋጋውን እጥፍ አደረገ። ከዚያ ወር ጀምሮ ምግብ በሞተር የሚያደርሱት ጓደኛሞች፣ ዘሪሁንና ወንድይራድ፣ ጎማቸውን ራሳቸው መቀየር ጀመሩ። መፍቻ በጋራ ገዝተው ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው የዘሪሁን ቤት ጋራዥ በየቅዳሜው ሲሠሩ፣ ሌሎች ሞተረኞችም እየተከተሏቸው መጡ። በመስከረም አንድ እሑድ ዘሪሁን ከአሌክሳንድሪያ ሲመለስ የኋላ ጎማው በአውራ ጎዳናው ላይ ተንሻፈፈ፤ እሱም እዚያው ሞተ።

ፖሊስ «የአገጣጠም ጉድለት» ብሎ ጉዳዩን ዘጋ። ጎማውን ያጠበቀው ሟቹ ራሱ፣ ያጣራው ግን ወንድይራድ ነበርና፣ የዘሪሁን ባለቤት ዲና ወንድይራድን ከለቅሶ ቤቱ በር መለሰችው። በሳምንቱ ግን ጥርጣሬ አላስተኛ ስላላት ወደ ግል መርማሪዋ መነን ደወለች።

መነን የሰው አደጋ ስትመረምር ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። የተሰባበረው ሞተር በተቀመጠበት ግቢ ጉልበቷን ይዛ በዝግታ ተንበረከከች። የኋላው ዳዶ እስከ ዘንጉ ጫፍ ላልቷል። ዳዶው እንዳይዞር የምታግደው ሽቦ የለችም፤ የምትገባበት ቀዳዳ በደረቀ ቀይ የጥፍር ቀለም ተደፍኗል። ቀለሙ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከሥር ፈዛዛ፣ ከላይ ደማቅ። የንፋስ መሙያው ላይ አረንጓዴ ክዳን አለ።

ወንድይራድን ከቤቱ ደጃፍ አገኘችው፤ ፂሙ አድጓል።

«እንዴት ነበር የምትሠሩት?»

«አንዱ ያጠብቃል፣ ሌላው ያጣራል። ሽቦዋን አስገብቼ፣ ጫፏን አጥፌ፣ በመጨረሻ በዲና የጥፍር ቀለም አሰምርበታለሁ፤ ዳዶው ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። ዘሪሁን ‹ሞተሬን ሙሽራ አደረግሃት› እያለ ይስቅብኝ ነበር።»

«ሽቦዋ ሳትገባ ቀብተህ ታውቃለህ?»

«እንዴት ተደርጎ! ቀዳዳው ከተደፈነ ሽቦዋ በምን ትገባለች?»

«በመጨረሻው ቅዳሜስ የቀረ ነገር ነበር?»

«የንፋስ መሙያው ክዳን ጠፋብኝ። ወለሉን ስዳብስ ዋልኩ። ሰኞ እንገዛለን ተባባልን።» ፊቱን አዞረ። «እትዬ መነን፣ ጓደኛዬን እንኳ አላለቀስኩትም።»

ዲና ደግሞ ቤቷ ስልኳን አውጥታ ለመነን አሳየቻት። «እሑድ ሊወጣ ሲል ‹አዲሱን ጎማ ፎቶ አንሺልኝ› አለኝ። እኔ ሥራ ስለነበረብኝ ብቻውን ሄደ፤ ጋሼ ኃይለመለኮት ከጋራዣቸው አጠገብ ባለው ቤታቸው የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ደግሰው ነበር።» በፎቶው ላይ የንፋስ መሙያው ክዳን የለውም። በሌላ እጇ የያዘችው፣ ወንድይራድ የሚጠቀምበት የጥፍር ቀለም ፈዛዛ ነው።

ኃይለመለኮት ጋራዡ ውስጥ ሲያነጋግራት እጁ አላረፈም።

«ዩቲዩብ አይተው መካኒክ ሆኑ! ነግሬያቸው ነበር።»

«የክርስትናው ዕለት እርስዎ ሞተሩን ነክተውታል?»

«ከጋራዡ ጀርባ ማቆሙን ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን አላየሁትም። ጋራዡም ቀኑን ሙሉ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ከኪሴ አልወጣም።»

ይህን እያለ ከቆርቆሮ ጣሳ አረንጓዴ ክዳን አነሣና አጠገቡ የተደገፈ የደንበኛ ጎማ ላይ ገጠመ። ዐይኑ ግን ከመነን ላይ አልተነሣም።

በማግስቱ መነን ስትጠራቸው ዲና፣ ወንድይራድና ኃይለመለኮት በዲና ሳሎን ተሰበሰቡ። ወንድይራድ በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ።

«ዳዶው በራሱ አልላላም» አለች መነን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቀለሙ ቀዳዳውን የደፈነው ሽቦዋ ከወጣች በኋላ ነው። ሽቦዋን ያወጣው ሰው ዳዶውን አላልቶ፣ ዘሪሁን መስመሩ መሰበሩን እንዳያይ እንደገና ቀባው። ላዩ ደማቅ ነው፤ የዲና ቀለም አይደለም። ዘሪሁን ከቤቱ ሲወጣ የንፋስ መሙያው ክዳን አልነበረውም፤ ሲሞት ነበረው። ትናንት እርስዎ ከጣሳው ሲያነሡ ያየሁት ዓይነት አረንጓዴ ክዳን ነው፤ ከተቆለፈው ጋራዥ የወጣ ነው። ጋሼ ኃይለመለኮት፣ ቁልፉ ከኪስዎ አልወጣም ብለውኛል።»

ሽማግሌው እጆቹን አየ።

«ሊሞት አልነበረም» አለ። «ሞተሩ ይንቀጠቀጥበታል፣ ይደነግጣል፣ ይቆማል፤ ሰዉም ወደ ጋራዥ ይመለሳል ብዬ ነው። ቀለሙን ከምራቴ ቦርሳ ወሰድኩ።»

«ክዳኑንስ ለምን?»

«አላውቅም፤ እጄ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክፍት ትቼ አላውቅም።»

መነን በደከመ እጅ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። አስቀድማ የጠራቻቸው ፖሊሶች ከመኪናቸው እየወረዱ ነበር።

እሱን ይዘው ከሄዱ በኋላ ዲና ተነሥታ የቤቷን ጋራዥ ቁልፍ ከግድግዳው አወረደች፤ በሩ አጠገብ እስከቆመው ሰው ድረስም ሄደች።

«ቅዳሜ ጋራዡ ይከፈታል» አለች። «የሚያጣራው ወንድይራድ ነው።»