አሸዋ የያዘው ክዳን

ብረት አቅላጩ ቅልጥ ብረት ከሚያፈስበት የአሸዋ ቅርጽ አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ፤ ማጅራቱን በመዶሻ ተመትቷል። ሚስቱ አላለቀሰችም። ሬሳው ሲነሣ፣ የሌላ ሰው ለቅሶ ላይ የተቀመጠች ይመስል ደንዝዛ አየች። የምድጃው ሠራተኛ የሆነው የገዛ ወንድሟ በካቴና ታስሮ ሲቆም እንኳ ምንም አልተሰማትም።

መርማሪዋ የወርክሾፑን ዕቃ ሻጭ የሆነውን የሟችን ታናሽ ወንድም ጠየቀችው። «ጎረቤት ጭቅጭቅ ሰምቷል።»

«ወርክሾፑን እንሽጥ ብዬው ተጣላን፤ አልዋሽም። ግን ታረቅን። ብረቱን ዓይኔ እያየ ራሱ አፈሰሰ፤ ደህና ዋል ተባብለን ወጣሁ።»

«አንተስ?» አለችው እስረኛውን።

«ከሰል ልገዛ ሄጄ ስመለስ ሞቶ አገኘሁት። ሌላ ምን ልበል?»

መርማሪዋ የቀዘቀዘውን ቅርጽ አስፈረሰች። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብሎ አንዱ ፖሊስ አጉረመረመ። የወጣው ግን የፓምፕ ክዳን ነው፤ ታችኛው ፊቱ ልስልስ ያለ፣ በላይኛው ፊቱ ላይ አሸዋው ከብረቱ ጋር ተጋግሮ በመሮ እንኳ አልላቀቅ ያለ።

ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው። «እትዬ፣ ይኼ ለምን እንዲህ ሆነ?»

ሴትየዋ ወዲያው ገባት። ባሏ ብረት ከማፍሰሱ በፊት ግራፋይት የሚባለውን ጥቁር ዱቄት በአልኮል በጥብጦ፣ ቅርጹ የሚገጠምባቸውን የላይና የታች የአሸዋ ሳጥኖች ውስጣቸውን ይቀባል፤ ካልተቀባ ብረቱ አሸዋውን ይዞ ይቀራል። ዱቄቱን የምትነፋለት እሷ ነበረች። «ረስቶ ይሆናል» ብትል እንደ ልጇ ያሳደገችው ዋርሳዋ፣ ሻጩ፣ ይተርፋል፤ ወንድሟ ግን አለቀለት።

«ላይኛው አልተቀባም» አለች።

«ይረሳ ነበር?»

«ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን አልረሳም።»

«እንግዲያው ታችኛውን ቀብቶ ላይኛውን ሳይጀምር ነው የተመታው። የሚቀባበት ብሩሽም ከሬሳው ሥር ተገኝቷል። የሞተ ሰው ብረት አያፈስም፤ ሳጥኖቹን ገጥሞ ያፈሰሰው ሌላ ነው። የምድጃው ሠራተኛ ቢሆን ቀብቶ ይጨርሰው ነበር፤ በየቀኑ የሚያየው ነገር ነው። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው።» ወደ ሻጩ ዞረች። «ሲያፈስ አየሁ ያልከው ደግሞ አንተ ብቻ ነህ። ታርቃችሁ የተለያያችሁ ለማስመሰል አፈሰስከው፤ መቀባት እንዳለበት ግን አታውቅም።»

ሻጩ መርማሪዋን ትቶ ሴትየዋን አያት። «ማን አሳየኝ፣ እትዬ? ወደ ውስጥ ብቅ ባልኩ ቁጥር ልብስህ ይጠቁራል፣ ውጣ እያላችሁ አይደል ያሳደጋችሁኝ?»

እውነቱን ነው። ያባረረችው ሳስታለት ነበር። ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲዛወር ቆማ አየች፤ ወንድሟ «እህት ዓለም» ብሎ ሲያቅፋት ክንዶቿ አልታዘዟትም።