አርሆ፣ ክፍል አሥር

ኢስሃቅ አንድን ነገር በቅጡ የሚገባው ለሌላ ሰው ሲያስረዳው ብቻ ነበር። ከኮምቦልቻ መጥቶ መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የስፌት ማሽን መካኒክ ሆኖ ሲቀጠር፣ የመጀመሪያውን ወር ያሳለፈው ማሽኖቹን እየፈታ በስልኩ በመቅረጽና «አንደኛ፦ ይህን ብሎን ማላላት» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ በማስገባት ነው። ቪዲዮዎቹን ማንም አላያቸውም። እሱ ግን ሥራውን የለመደው በእነሱ ነው። ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ ስለሚታሰር፣ ከንግግር ይልቅ ጽሑፍ ይቀናው ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ አዲስ አበባ ያሉ ጥቂት ወጣቶች «አርሆ» የሚባል የስልክ ጨዋታ እየሠሩ መሆናቸው ተሰማ። አርሆ ከአፋር በረሃ ጨው ጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣው የግመል ቅፍለት ነው። ጨዋታውም ይኸው ነው፤ ግመሎችህን እየመራህ መቐለ ትደርሳለህ፣ ወይም ውሃ ጥም ይዞህ መንገድ ላይ ትቀራለህ። ሙሉው ለመስከረም ይደርሳል ተብሎ፣ እስከዚያው ለመቅመሻ የሚሆን ዴሞ ተለቀቀ። ዴሞው ልብ የሚያደርቅ ነበር። የከተማው ወጣት ሁሉ ሁለተኛው ገደል ላይ ግመሉን እየጣለ ስልኩን ይረግማል።

ኢስሃቅ በሦስት ቀን ጨረሰው። ከዚያም እንደ ልማዱ ገደሉ እንዴት እንደሚታለፍ የሚያሳይ ቪዲዮ ሠራለት። ኢንተርኔት ላይ ለመስቀል ኔትወርኩም ኪሱም ስላልፈቀደለት፣ በፍላሽ ይዞ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው የነስረዲን ሞባይል ቤት ሄደ።

ነስረዲን ከወሎ ሲመጣ አሁን ኮምፒውተሩ ላይ የምትቀመጠው ልጁ ረምላ ገና እናቷ ጀርባ ላይ ነበረች። እሱ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጣል፤ ረምላ ደግሞ ዘፈን፣ ነሺዳና ፊልም በሰው ሜሞሪ ካርድ ላይ ትጭናለች። ደንበኛ ሲመጣ ምን እንደሚፈልግ አይመርጥም። «አዲስ የገባውን በሙሉ ጫኚልኝ» ብሎ ካርዱን ይሰጣታል። እሷም ፎልደሩን እንዳለ ገልብጣ ትመልስለታለች። ምን እንደጫነች ከፍታ አታይም፤ ቀኑን ሙሉ እየከፈተች ብታይ ሥራው መቼ ያልቃል።

የኢስሃቅ ቪዲዮ በሳምንቱ ሰሜንን አልፎ ዓይደር ሰፈር ደረሰ። ቅሬታም አብሮ መጣ፤ ጽሑፉ ቶሎ ቶሎ ያልፋል ይላሉ። ኢስሃቅ ሁለተኛውን ክፍል ይዞ ሲመጣ ረምላ ሳትሸፋፍን ነገረችው።

«ሰው ግመል እየነዳ እንዴት ያነባል? ለምን አትናገረውም?»

«ስናገር ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኛል» አለ ኢስሃቅ። ይህን ለመናገርም ሁለት ጊዜ ጀምሮ አቁሟል።

ረምላ ጽሑፉን የያዘውን ወረቀት ከእጁ ወሰደችና አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ በትግርኛ አነበበችለት። መቐለ ስላደገች ሁለቱም አፏ ላይ እኩል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የአርሆ ማሳያ ቪዲዮዎች ድምፅ እሷ ሆነች።

የሚቀርጹት ነስረዲን ለአስር ሶላት መስጊድ ሲሄድ፣ ሱቁ ጋብ በሚልበት ሰዓት ነበር። ኢስሃቅ የፋብሪካው ፈረቃ በሚመቸው ቀን ይመጣል። ስልኩን ወደ አፏ አስጠግቶ ይይዛል። እሷ ታነባለች፣ እሱ መሬት መሬት ያያል። አንዳንዴ አንብባ ስትጨርስ መቅጃውን ማጥፋት ይረሳል። እሷም ልብ እያለች አትነግረውም፤ ሁለቱም ዝም ብለው ሰከንዱ ሲቆጥር ያያሉ።

እስከ ሚያዝያ ድረስ ዘጠኝ ክፍል ሠሩ። በመካከሉም ኢስሃቅ ከዴሞው ቆራርጦ የአንድ ደቂቃ ተኩል ማስተዋወቂያ ትሬለር ሠራ፤ ፀሐይ ስትወጣ ግመሎቹ ተራ በተራ ሸንተረሩን ሲሻገሩ የሚያሳይ። ከራሱ ከጨዋታው በላይ አማረ። ሰዉም የካምፓኒው ትሬለር መስሎት «እንዲህ የሚያምር ጨዋታ ነው ብላችሁ ይህን ታስለፉናላችሁ?» እያለ ረምላን ይነዘንዛት ጀመር። ኢስሃቅ ይህን ስትነግረው ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ወደደችው። እሱ ከዚያ በፊት ነበር የወደዳት፤ ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ ነው። ሁለቱም ግን አልተናገሩም። እሱ ስለማይችልበት፣ እሷ ደግሞ ሴት ልጅ ቀድማ አትናገርም ስለተባለች።

ልጅቷ ሌላ ጠያቂም ነበራት። የጨርቅ ነጋዴው ጀላሉ ለልጁ ሊጠይቃት ሽማግሌ እልካለሁ ብሎ ለነስረዲን አስነግሮ ነበር። ልጁ የሚነቀፍ አልነበረም፤ ረጋ ያለ፣ ከአባቱ ጋር ሱቅ የሚውል ሰው ነው። ረመዳን ሳይገባ ነገሩ ይለቅ ተብሎ ቀጠሮው ለጁምዓ ሆነ።

በዚያው ሳምንት ሰኞ ኢስሃቅ ፍላሹን ሰጥቷት ወደ ሥራው ሮጠ። ረምላ እንደ ወትሮው ያለውን በሙሉ ገለበጠች። ቀኑን ሙሉም ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ጫነች።

ማክሰኞ ጠዋት ባጃጅ ነጂው ኣታኽልቲ መጣ። ከደንበኞቿ ሁሉ አፉ የማያርፈው እሱ ነው፤ ያን ዕለት ግን አንገቱን እያሸ ቆመ።

«ሓፍተይ፣ አሥረኛው ክፍል ጽቡቕ፣ በጣም ጥሩ ነው» አላት። «ግን ግመል የለበትም።»

ረምላ አሥረኛ ክፍል መኖሩን አታውቅም። ከፈተችው። የኢስሃቅ ፊት ነበር፤ የፋብሪካ ቱታውን እንደለበሰ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። በራሱ ድምፅ ይናገራል።

«ሰላም። ዛሬ የረምላን አባት እንዴት ማናገር እንደሚቻል እናያለን። አንደኛ፦ ሽማግሌ። አባቴ ሞቷል። አጎቴ ኮምቦልቻ ነው፣ እግሩንም ያመዋል። እዚህ የማውቀው ሰው ሁሉ የኔው እኩያ ነው። ሁለተኛ፦ ሰዓት። ዕቃ አምጪዎች ሲመጡ አይሞከርም። ከአስር ሶላት ሲመለስ ፊቱ ይፈታል። ሦስተኛ፦ እናቷ። ከእትዬ ኡሙሰልማ ጋር መሳቅ ያስፈልጋል፤ መሳቅ ደግሞ አልችልበትም፣ እለማመዳለሁ። አራተኛ፦ ድምፅ ይንቀጠቀጣል። ይንቀጥቀጥ።» እዚህ ላይ ውሃ ጠጣ። «ረምላን እወዳታለሁ። ይህን ሁሉ በተራ ከፈጸምን በሩ ይከፈታል።»

ሰውየው ፈተና ሲገጥመው ለራሱ ትምህርት ሠርቶ ነው የሚያጠናው፤ ይኼኛውንም ያጠናው በዚያው መንገድ ነው። ለማንም ሊያሳይ አልነበረም። ፍላሹ ላይ መቅረቱን ረስቶታል፤ እሷም ሳታይ ለከተማው አድላዋለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ረምላ መወደዷን የሰማችው ከባጃጅ ነጂዎች ሁሉ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ደስ አላት። ቀጥሎ አፈረች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ የሚያናድዳት ነገር መጣባት፤ ምን እንደሆነ ወዲያው አልያዘችውም። ቪዲዮውን እንደገና አየችው፣ ደግማም አየችው። ያኔ ገባት፤ በደንብም ተናደደች።

ነስረዲንም ሰምቷል። ጎረቤቱ በስልኩ አሳይቶታል። ማታ እራት ላይ በእሷና በኢስሃቅ መካከል ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። ረምላ እውነቱን ነገረችው፤ ቃል አልተለዋወጥንም አለች። እንዲያ ከሆነ የጁምዓው ቀጠሮ እንዳለ ነው አላት። እናቷ ኡሙሰልማ ወጡን እየጨመረች ልጇን ሰረቅ አድርጋ አየቻት።

ኢስሃቅ ወሬው ፋብሪካ ደርሶት ስልኩን ዘጋ። ረቡዕ አልመጣም። ሐሙስ ረምላ ሱቁን ለአባቷ ትታ ሚኒባስ ተሳፈረችና ፓርኩ በር ላይ ቆመች። ፈረቃው ሲለቀቅ አንድ ዓይነት ቱታ የለበሰ ሕዝብ ጎረፈ። ኢስሃቅ ሲያያት ወደ ሰርቪሱ ኋላ ዞር ለማለት ሞከረ። ቀደመችው።

«አይተሽዋል» አለ።

«ከተማው ካየው በኋላ።»

«ወላሂ ፍላሹ ላይ መኖሩን ረስቼው ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም ሳልከፍት ነው የጫንኩት፤ ጥፋቱ የሁለታችን ነው። እኔን ያናደደኝ እሱ አይደለም። አንደኛውን ደረጃ ዘለሃል።»

ኢስሃቅ በልቡ ቆጠረ። «አንደኛው ሽማግሌ ነው» አለ።

«ሽማግሌ ሁለተኛ ነው።»

«አንደኛው ማን ነው ታዲያ?»

«እኔ ነኝ። አባቴን አልክ፣ እናቴን አልክ፣ የሶላት ሰዓት ሁሉ ቆጠርክ። እኔን ግን አልጠየቅከኝም። እንቢ ብልስ?»

የሰርቪሱ ሹፌር ክላክስ ነፋ። ኢስሃቅ አልሄደም። አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ ሲነሳ፣ ከመስኮቶቹ ብዙ ዓይን እያያቸው ሲያልፍ፣ እሱ መሬት መሬት አላየም። እሷን ነበር የሚያየው።

«ታገቢኛለሽ?» አለ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

«እሺ» አለችው።

አጠገብ ለአጠገብ ሆነው እስከ ሚኒባሱ መቆሚያ በእግራቸው ሄዱ። ስለ ጁምዓ የነገረችው እዚያ ሲደርሱ ነው። ኢስሃቅ እመጣለሁ አለ። ያለ ሽማግሌ ብቻህን ብትመጣ ነገር ታበላሻለህ፣ የነገው የኔ ሥራ ነው አለችው። እንዴት አድርጋ እንደምትሠራው ግን አታውቅም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ጨነቃት።

የጀላሉ ሽማግሌዎች ሦስት ሆነው ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጡ። ሻይ ቀረበ፤ ስለ ዝናቡና ስለ ጨርቅ ዋጋ ተወራ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ጥያቄውን በወጉ አቀረበ። ነስረዲን ልጄን ልጠይቅ ብሎ ተነሳ።

ይህ የወግ ጥያቄ ነው። አባት በመጋረጃው በኩል ልጁን ይጠይቃል። ልጃገረድ ታፍራለችና መልስ አይጠበቅባትም፤ ዝምታዋ ፈቃዷ ነው። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት እንደዚያ ቤት የተከበረበት ቦታ የለም። የነስረዲን እናትም፣ አያቱም እንዲያ ሆነው ነው የተዳሩት። እንቢ ያለች ሴት በዘመድ ውስጥ አልተሰማችም።

«ረምላ» አለ ነስረዲን፣ «ጀላሉ ለልጁ ጠይቆሻል። ምን ትያለሽ?»

ከመጋረጃው ወዲያ ረምላ እናቷ አጠገብ ቆማለች። ዝም ካለች ሁሉም ነገር በራሱ ያልቃል፤ ማንም አይቆጣትም፣ ነገ ጠዋት የሌላ ሰው እጮኛ ሆና ሱቁን ትከፍታለች። ነስረዲን እንደ ወጉ ጥቂት ጠበቀ። ፊቱን ወደ እንግዶቹ መልሶ «ዝም ብላለች» ሊል አፉን ሲከፍት ነው የተናገረችው።

«አባ፣ አልፈቀድኩም።»

ነስረዲን ፊቱን እንደገና ወደ መጋረጃው መለሰ።

«ጀላሉን አከብራለሁ። ልጁም ክፉ የለበትም» አለች ረምላ። «ሌላ ሰው ግን ትናንት ራሴን ጠይቆኛል። እሺ ብየዋለሁ።»

ትልቁ ሽማግሌ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ ከኒካህ በኋላ ከመስማት ዛሬ መስማታችን ይሻላል አለ። ዱዓ አድርገው ወጡ። በሩ ላይ ነስረዲንን የጨበጡት እጅ ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ ጀላሉ ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመት ያህል ሰላምታውን አሳጥሮበታል።

እንግዶቹ ሲሄዱ ረምላ ወጥታ አባቷ ፊት ቆመች። ይመታኛል ብላ አልነበረም የፈራችው፤ ነስረዲን እጁን አንስቶ አያውቅም። የፈራችው አንገቱን እንዳስደፋችው ነው።

«አጎቱ ይምጣ» አለ ነስረዲን። «እግሩን ካመመው በአውቶቡስ ይምጣ። ኒካሁ ከኢድ በኋላ ይሆናል።»

ረምላ እጁን ስማ ለኢስሃቅ ለመንገር ስልኳን ይዛ ወደ ግቢው ወጣች። ነስረዲን ብቻውን ተቀመጠ። ኡሙሰልማ የሻይ ብርጭቆዎቹን ልትሰበስብ ስትገባ ቀና ብሎ አያት።

«ኡሙ» አለ። «ያኔ አባትሽ ሲጠይቁሽ ዝም ነው ያልሽው።»

«ዝም ነው ያልኩት።»

«ፈቅዳለች ብለው ሰጡኝ።»

«ሰጡህ።»

ነስረዲን ወደ ግቢው በር አየ፣ ከዚያም ወደ ሚስቱ ተመለሰ። ሃያ አራት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ አራት ልጅ ወልደዋል፣ አንዱን ቀብረዋል።

«ፈቅደሽ ነበር?» አላት።

ኡሙሰልማ ትሪውን መልሳ አስቀመጠችው። አጠገቡ ለመቀመጥ ቦታ እስኪለቅላት ጠበቀች፤ ተቀመጠችም።

«ፈቅጄ ነበር» አለችው።