እኩል የሆኑት ባቶች

ኢንስፔክተር ይመኙሻል ቦንጋ ከተማ ያለው የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ በር ላይ ስትደርስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ዝናቡ አላባራም። ሦስት ባጃጆች መግቢያውን ዘግተው ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ ያያሉ። በፊዚዮቴራፒ ክፍሉ አልጋ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው አቶ ሱሩር በአንሶላ ተሸፍነው ተጋድመዋል። ሺሺንዳ ገበያ ሄደው ሳለ ሞተር ሳይክል ገጭቷቸው ግራ ቅልጥማቸው ተሰብሮ ነበር። እግራቸው ከታፋቸው ጀምሮ ስድስት ሳምንት በጀሶ ታስሮ ከረመ። ጀሶው ከተፈታ ገና አምስት ቀኑ ነው።

«እሷ ናት!» አለ ታናሽ ወንድማቸው ኑዕማን፣ ኢንስፔክተሯን እንዳየ። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ የተሰነጠቀ ሰው ነው። «ትናንት እግሩን የነካካችው ያቺ የክሊኒኩ ልጅ ናት! ነክታ ነክታ ወደ ገጠር፣ ደካ ሄደች፤ ወንድሜ ደግሞ ዛሬ ሞተ።»

የሟች ሚስት ሙፊዳ ወንበር ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ትመለከታለች።

«የት ነው የሞቱት?» አለች ይመኙሻል።

«ቤት። ቁርስ ሳይቀምስ። ትንፋሽ አጠረኝ አለ፤ ደረቱን ያዘ። ባጃጅ ጠርቼ ቅርብ ነው ብዬ እዚህ አመጣሁት። መንገድ ላይ አለፈ።»

«ዛሬ ጠዋት እግራቸውን የነካ ሰው አለ?»

«ማንም አልነካውም» አለ ኑዕማን፤ እጆቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

ይመኙሻል አንሶላውን ከእግር በኩል ገለጠች። በሥራዋ ብዙ አስከሬን አይታለች፤ ግን አትቸኩልም። ግራ ታፋው ከቀኙ ቀጥኗል፤ ስድስት ሳምንት ሳይንቀሳቀስ የከረመ ሥጋ ነው። ከጉልበት በታች ግን ባቱ ተወጥሯል፤ ቆዳው ያብለጨልጫል። ከኋላ በኩል የጣት ምልክቶች አሉ፤ ሰፋፊ ናቸው። ጎንበስ ብላ አሸተተች። ጥቁር አዝሙድ ዘይት።

መደርደሪያውን ዞራ አየች። ክሊኒኩ የሚጠቀመው ሽታ የሌለው ነጭ ቅባት ነው።

ከሆስፒታል የተጠራው ሐኪም እግሩን በሜትር ለካና ራሱን ነቀነቀ። «ቀኙ ባት ሠላሳ ስድስት ሴንቲ ሜትር፣ ግራው አርባ ሊሞላ ነው። አስከሬኑ ካልተከፈተ መማል አልችልም፤ ቤተሰቡም እንዲከፈት አይፈቅድም። ግን ከተጠየቅሁ፣ እግር ውስጥ ደም ረግቶ ነበር እላለሁ። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ሲዘጋ ሰው እንዲህ ነው የሚሞተው፤ በደቂቃዎች።»

«ራሱ ይነቀላል?»

«ራሱም ይነቀላል። የታሸ እንደሆነ ግን ይብሳል።»

ሬሳው ለዐስር ሶላት ደረሰ፤ በዚያው ቀን ተቀበረ። ይመኙሻል የቀራት የታካሚው ካርድና አራት ሰዎች ነበሩ።

ካርዱን ያወጣላት የክሊኒኩ ባለቤት ኤርምያስ ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ነጭ ጋዋኑ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ። የካርድ ቁም ሳጥኑን ቁልፍ ከአንገቱ አውልቆ ከፈተ።

«ይኸውልዎ። የትናንቱ፣ የማክሰኞው ምርመራ ነው፤ ፊዚዮቴራፒስቷ ሚስጥር የጻፈችው። ታፋ ቀኝ አርባ ስምንት፣ ግራ አርባ አራት። ባት ቀኝ ሠላሳ ስድስት፣ ግራም ሠላሳ ስድስት። እኩል ነው። እብጠት የሚባል ነገር አልነበረም።»

«ሆስፒታል ሂዱ የሚል ወረቀት አልተሰጣቸውም?»

«በካርዱ ላይ የለም።»

«ሐኪሙ ዛሬ አርባ ሊሞላ ነው ብሎ ለክቷል።»

«ማታ አብጦ ይሆናላ» አለ ኤርምያስ። «እኔ እንግዲህ አስተዳዳሪ ነኝ።»

«ከተማው ዶክተር ይልዎታል።»

«ከተማው ብዙ ይላል» ብሎ ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ።

ሚስጥር ለሥራ ከሄደችበት ከደካ የተመለሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ቦንጋ የሠራች፣ ከደብረ ማርቆስ የመጣች ፊዚዮቴራፒስት ናት። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። ወሬውን የሰማችው ሚኒባስ ላይ ነበር፤ ቤቷ ሳትደርስ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ገባች።

«ነግሬያቸው ነበር» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ ብዬ ነግሬያቸው ነበር። ደካ ኔትወርክ የለም። ሄደው እንደሆነ ለመጠየቅ ኮረብታ ላይ ወጥቼ ስደውል አመሸሁ። አልሠራልኝም።»

«ቁጭ በይ። እግር ስታዪ እንዴት እንደምታስቢ አስረጂኝ። እንደማላውቅ ቁጠሪኝ።»

ሚስጥር መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። በጣቶቿ እየቆጠረች ጀመረች።

«ሰው ባቴን አመመኝ ሲለኝ መጀመሪያ ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ እደረድራለሁ። ከጀሶ በኋላ ጡንቻ ይደርቃል፤ ያ ያማል። ጡንቻ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ቁስል ገብቶ ሊሆን ይችላል። ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ አንድ በአንድ እጥላለሁ። የደረቀ ጡንቻ ሲሳብ ያማል እንጂ አያብጥም። ለመሰንጠቅ ደግሞ ሰውየው ሮጦ ወይ ዘሎ መሆን አለበት፤ እሳቸው ገና በእግሩ በደንብ አልረገጡም። ቁስል ቢሆን ትኩሳት ይኖራቸው ነበር፤ ቆዳቸውም ደህና ነው። ባታቸው ግን ይሞቃል፤ ስጫነው ጣቴ ጎድጉዶ ይቀራል፤ ስድስት ሳምንት ተኝተዋል። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ።»

«ያኔ አሸሽው?»

«ኧረ በጭራሽ! እጄን አነሳሁ። አይነካ፣ አይታሽ አልኳቸው። ወረቀት ጽፌ በእጃቸው ሰጠሁ። ካርዱም ላይ ጻፍኩ፤ ግራ ባት ሠላሳ ዘጠኝ።»

ይመኙሻል ካርዱን ገልብጣ አሳየቻት። ሚስጥር ቁጥሩን አየች። ገጹን ወደ ብርሃን አዞረችው።

«ይኼ የእኔ ገጽ አይደለም» አለች። «ደግሞስ ሠላሳ ስድስት ለሠላሳ ስድስት? ይኼ እኮ ጤነኛ አይደለም።»

«እኩል ሆኖ?»

«ስድስት ሳምንት በጀሶ የከረመ ባት እኩል አይሆንም፤ እንደ ታፋው ይቀጥናል። ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ አራት ቢሆን ነበር ደህና የምለው። እኩል ከሆነ የጎደለውን ሥጋ አንድ ነገር ሞልቶታል ማለት ነው።»

ይመኙሻል ብዕሯን አስቀመጠች።

በማግስቱ ጠዋት ለቅሶ ቤት ሄዳ ሙፊዳን ከጓዳ በኩል አነጋገረቻት። የሴቶቹ ድምፅ ከሳሎን ይሰማል።

«እትዬ ሙፊዳ፣ ማክሰኞ ከክሊኒክ ሲመለሱ ምን አሉዎት?»

«ልጅቷ አትንኩት ብላለች አለኝ። ሆስፒታል ትላለች አለኝ። እኔም እንሂድ አልኩት።»

«ወረቀት አሳዩዎት?»

«ወረቀት አላየሁም። ኑዕማን ነው አብሮት የነበረው። 'ኧረ ተይ፣ ዶክተሩን ጠይቀናል' አለኝ።» አንገቷን ደፋች። «ከዚያ በኋላ ምን ልበል? እኔ የተማርኩ አይደለሁ።»

«ጥቁር አዝሙድ ዘይት ቤት ውስጥ አለ?»

ሙፊዳ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ከትናንት ጀምሮ ሲሸሽ የነበረ ነገር ቆመ።

«አለ» አለች።

አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ክሊኒኩ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሙፊዳ በመስኮቱ በኩል፣ ኑዕማን ከጎኗ፣ ሚስጥር በሩ አጠገብ ቆማ። ኤርምያስ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠ። ሁለት ፖሊሶች ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል።

«በዚህ ክፍል ውስጥ አቶ ሱሩርን መግደል የፈለገ ሰው የለም» ብላ ጀመረች ይመኙሻል። «ለዚህ ነው ሥራው የከበደኝ። መጀመሪያ ወደ ካርዱ ልሂድ። ካርዱ ሁለቱ ባቶች እኩል ናቸው ይላል። ሚስጥር ጥፋቷን ልትሸፍን ጽፋው ነው እንዳልል፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው የሚዋሸው ሠላሳ ሦስት ብሎ ነው። እኩል ማለት ጤና ማለት የሚመስለው ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው። የታፋውን ቁጥርም እንዳለ ትቶታል፤ ታፋው ቀጥኖ ባቱ እኩል መሆኑ ምን እንደሚናገር አልገባውምና። ስለዚህ ገጹን ቀይሮ የጻፈው ሙያውን የማያውቅ፣ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ግን ያለው ሰው ነው።»

ኤርምያስ አንገቱ ላይ ያለውን ክር ነካ።

«ሁለተኛ፣ እግሩ ታሽቷል። የጣት ምልክት አለው፤ ሰፊ እጅ ነው። ዘይቱ የክሊኒኩ አይደለም፤ የቤት ነው። ቤት ውስጥ ሰፊ እጅ ያለው አንድ ሰው ነው።»

ኑዕማን ከኪሱ እጁን አላወጣም። ትከሻው ግን ወረደ።

«አቶ ኑዕማን፣ ወንድምዎን እንደሚወዱ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሚስጥር አትንኩት ማለቷንም ሰምተዋል። ታዲያ ለምን አሹት?»

ኑዕማን ወደ ኤርምያስ ዞረ።

«ወላሂ፣ እኔ ወረቀቱን ተቀብዬ ለዶክተሩ አሳየሁት» አለ። «ወንድሜ 'አትንኩት ብላለች' ይላል፤ ወረቀቱ ምን ይላል አልኩት። በእንግሊዝኛ ነው። እሱ አነበበውና 'ማሳጅ ነው የሚለው፤ ጥሩ አድርገህ እሸው፣ እብጠቱ ይወርዳል፤ ሆስፒታሉ ለነገ ይደርሳል' አለኝ። ወረቀቱን ፋይል ይግባ ብሎ አስቀረው። የልጅ አፍ ነው ወይስ ወረቀት የሚታመነው? ወረቀት ነዋ! ማክሰኞ ማታ አሸሁት። ትናንት ጠዋትም አሸሁት። 'ኑዕማን፣ ቀስ በል፣ ያመኛል' ሲለኝ፣ 'ቻለው፣ ሊወርድልህ ነው' አልኩት። ከዚያ አሳለው። ከዚያ…»

«ውሸት ነው» አለ ኤርምያስ። «ወረቀት የሚባል አላየሁም። ደግሞ ባየው እንዲህ ያለ ነገር እላለሁ? ሃያ ዓመት ጤና ላይ ሠርቻለሁ!»

ይመኙሻል ከፋይሏ አንድ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሚስጥርን ያንኑ ቃል ለቃል እንድትጽፍልኝ ጠይቄያት ነበር። እባክዎ ያንብቡልን። በአማርኛ ይንገሩን።»

ኤርምያስ መነጽሩን አደረገ። ወረቀቱን አቀረበ፣ አራቀ።

«ታካሚው… ግራ እግሩ…» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማሳጅ…»

«ይቀጥሉ። ከማሳጅ ቀጥላ ያለችው ቃል ምን ትላለች?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ኤርምያስ ቃሏን አፍጥጦ ያያታል፤ ላቡ ከግንባሩ ወደ መነጽሩ ወረደ። ረጅም ቃል ናት። ጣቱን ከፊደል ወደ ፊደል ወሰደ፤ መሃል ላይ ቆመ።

«ክልክል ነው» አለች ሚስጥር ከበሩ። «'ማሳጅ ክልክል ነው' ነው የሚለው።»

ኑዕማን እንደተወጋ ሰው አቃሰተ።

«ሰው ፊት ነበር» አለ ኤርምያስ፤ ድምፁ አሁን የሌላ ሰው ይመስላል። «ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ነበር። ዶክተር፣ አንብብልኝ አለኝ። አላውቀውም ልበል? ማሳጅ የምትለዋን ቃል ብቻ አውቃታለሁ፤ እዚህ ክሊኒክ በራፍ ላይ ተጽፋለች። እሷን አየሁና… ትናንት ሬሳውን ሲያስገቡ ነው የገባኝ። መዝገበ ቃላት አውጥቼ አየሁ። ከዚያ ወረቀቱን ቀደድኩት፤ ገጹንም ቀየርኩት። ሱሩር እኮ ጓደኛዬ ነበር።»

ፖሊሶቹ ገቡ። ኤርምያስ ጋዋኑን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለና አብሯቸው ወጣ።

ሚስጥር ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። «በአማርኛ ብጽፈውስ?» አለች ለማንም ሳይሆን። «ሁላችንም በእንግሊዝኛ ነው የምንጽፈው። ሆስፒታሉ እንዲያነበው ብዬ ነው። ሁለት መስመር አማርኛ…»

ይመኙሻል ፋይሏን ዘጋች። ሐሰተኛ ሰነድ፣ ማስረጃ ማጥፋት፣ ያለ ሙያ ማከም፤ ለእነዚህ ሁሉ በፋይሏ ውስጥ ቦታ አለ። ለዚህ ግን የለም።

ኑዕማን እጆቹን ከኪሱ አወጣ። ሁለቱንም ከፊቱ ዘርግቶ ወደ ሚስጥር ዞረ።

«ልጄ» አለ። ትናንት ገዳይ ያላት ልጅ ናት። «እውነቱን ንገሪኝ። ማክሰኞ ሆስፒታል ብወስደው ኖሮ ይድን ነበር?»

ይመኙሻል ልጅቷን አየቻት። አላውቅም እንድትል ፈለገች። ምናልባት ብትልም ይበቃ ነበር።

ሚስጥር እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «መድኃኒት አለው» አለች። «ቶሎ የደረሱት ብዙዎቹ ይድናሉ።»

ኑዕማን ራሱን ነቀነቀ፤ ዋጋ እንደተነገረው ሰው ደጋግሞ ነቀነቀ። ሙፊዳ ተነሳች። እጇን ወደ ትከሻው ዘረጋች፤ ሳትነካው አየር ላይ አቆየችውና መልሳ ሻርፗን አስተካከለችበት።

«ለቅሶ ቤት ሰው እየመጣ ነው» አለችና ወጣች።

እሱም ከጥቂት እርምጃ በኋላ ተከተላት። ባጃጆች አጠገባቸው እየቆሙ ጡሩንባ ነፉ፤ አንዳቸውም ዞር አላሉም። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ በጭቃው ዳገቱን በእግራቸው ወጡ።