ማንም ያላወራው ወሬ

ክለቡ በከፍተኛ የኃላፊነት ስሜት ለመላው ሕዝብ አስታወቀ፤ የቡድኑ አዲስ ካልሲ፣ አንዳንድ ወገኖች እንደሚያናፍሱት ቢጫ ሳይሆን ወርቃማ ነው። ተጫዋቾቹ «ሐሰት ነው» የሚል ቅጽል ያወጡለት ቃል አቀባይ ይህን በስታዲየሙ በር ላይ ለጋዜጠኞች ሲያነብ፣ ከጀርባው ባለው የማሳጅ ክፍል ውስጥ የቡድኑ አንጋፋ ወጌሻ ሞተው ተኝተዋል።

መርማሪዋ ስትደርስ ሽማግሌው አልጋው ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ እንቅልፍ የወሰዳቸው ነው የሚመስሉት። ከራሳቸው ሥር በሥርዓት የታጠፈ ፎጣ አለ። ገልጣ አየችው። መሃሉ በምራቅና በደም ረጥቧል፤ ከከንፈራቸውም የፎጣው ክር ተጣብቋል። እንደነበረ አጥፋ መለሰችው፤ ለማንም አልተነፈሰችም።

ሞተው ያገኛቸው «ጥይት» የሚሉት የቡድኑ አጥቂ ነው። ክራንቹን ተደግፎ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

«አባባ ዛሬ ለጋዜጠኞች ሊናገሩልኝ ነበር» አላት። «የተሰበረ እግሬን ክለቡ በመርፌ አደንዝዞ እንዳሰለፈኝ። አገር ምድሩ ‹ራሱ ነው የተወጋው፣ ሱሰኛ ነው› ይለኛል። እናቴ ጎረቤት ፊት መውጣት አቅቷታል። አሁን ደግሞ ገደላቸው ሊሉኝ ነው። አባባ ብቸኛ ምስክሬ ነበሩ።»

አሰልጣኙ ፊሽካውን ከአንገቱ አላወረደም። «ሜዳ ላይ ነበርኩ፤ ቡድኑ በሙሉ ሲያየኝ። ደግሞስ እሳቸውን ማን ይነካል? እኔን እንኳ ‹አንተ ውሪ› እያሉ ነበር የሚቆጡኝ።»

የክለቡ ፕሬዚዳንት ከሰፊው ጠረጴዛቸው ኋላ ተከዙ። «ልቡ ነው፣ ልጄ። ድሮም ደካማ ነበር። አብሮ አደጌ ነው፤ ግን ግትር፣ ብመክረው ብመክረው የማይሰማ።»

ግቢው ውስጥ አንድ ጋዜጠኛ እየሮጠ ደረሰባት። «እህቴ፣ የፎጣው ነገር እውነት ነው?»

«የምን ፎጣ?»

«ቃል አቀባዩ ‹ሐሰት ነው› ነዋ የነገረን! ቅድም፣ አንቺ ሳትመጪ፣ ካልሲውን እያነበበልን ስልክ ተደወለለት። አዳምጦ ዘጋና ‹ወጌሻው በፎጣ ታፍኖ ሞተ የሚባለው ሐሰት ነው› አለን። እኛ እኮ መሞታቸውንም አልሰማን!»

መርማሪዋን ሳቅ አፈናት።

አራቱንም ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ፎጣውን ገልጬ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ» አለች። «እኔ ሳልደርስ ግን ክለቡ አስተባብሎት ጨርሷል። ያልተወራ ወሬ የሚያስተባብል፣ የሆነውን የሚያውቅ ሰው ነው። ልማድ ሆኖባችሁ ተሽቀዳደማችሁ።»

«እኔ የተነገረኝን ነው የምለው» አለ «ሐሰት ነው»። «ከራሴ አንዲት ፊደል አልጨምርም።»

«ማን ነገረህ?»

«ክለቡ።»

«ክለብ አፍ የለውም፤ ሰው ነው ያለው። ጥይት ሟቹን ‹አባባ› ይላቸዋል፤ አሰልጣኙ ‹እሳቸው›። አንተ ራስህ ካልሲውን አንቱ ለማለት ምንም አልቀረህም። ታዲያ ‹ታፍነው ሞቱ› በማለት ፈንታ ‹ታፍኖ ሞተ› ያልከው፣ የሰማኸውን እንዳለ ስለደገምክ ነው። ከናንተ መሃል ሽማግሌውን ‹እሱ› የሚላቸው አንድ አብሮ አደጋቸው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ፕሬዚዳንቱ ዞሩ። እሳቸው ግን ያፈጠጡት ቃል አቀባዩ ላይ ነው።

«አንተ ደደብ! አንቱ አድርገህ ማስተካከል አቃተህ?»



«ተነሥ» አለችው መርማሪዋ። አንቱታው ወንበሩ ላይ ቀረ።

ፕሬዚዳንቱ ተይዞ ሲወጣ ጥይት በክራንቹ እየዘለለ ቃል አቀባዩን በሩ ላይ ደረሰበት።

«ጋሼ፣ ጋዜጠኞቹ ውጭ ናቸው። መርፌውን ሲወጉኝ እርስዎም ነበሩ፤ እግሬን የያዙት እርስዎ ነዎት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ይናገሩልኝ። ለእናቴ።»

«ሐሰት ነው» ክራቫቱን አስተካከለ፤ የካልሲውን መግለጫም ከኪሱ አወጣ።

«አልናገርም።»

«ለምን፣ ጋሼ?»

«አላብራራም።»