ቢጫው ክር ያለቀበት ሹራብ

«አንቺ ገመዱን ብቻ ሳቢው፤ ሌላው የኛ ሥራ ነው» አለች አትጠገብ።

ሉሲ በቀኝ እጇ ገመዱን፣ በግራ እጇ ሹራቡን ይዛ ባዶው የባንዲራ እንጨት ሥር ቆማለች። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ስፖርት ነበር። የሳምንቱ ተረኛ እሷ ስለሆነች ባንዲራውን ቀደም ብላ አውርዳ፣ አጣጥፋ ለቢሮ አስረክባለች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደወሉ ሲደወል ተማሪው በሙሉ በዚህ እንጨት ሥር አልፎ ወደ በሩ ይሄዳል። ያኔ ሁሉም ቀና ብሎ እንዲያየው የተፈለገው ይህ አረንጓዴ ሹራብ ነው።

«እኔ ቪዲዮ እቀርጻለሁ» አለ ሳምሶን ስልኩን እያስተካከለ። «አቦ ዛሬ ቲክቶክ ይቃጠላል!»

ሹራቡ የባርናባስ ነው። እሱ ሜዳ ላይ ኳስ እያሳደደ ስለሆነ ምንም አያውቅም፤ ሳምሶን ነው ከዴስኩ ላይ አንስቶ ያመጣው። ባርናባስ ከቡሌ ከመጣ ገና አንድ ወሩ ነው። ቡሌ ደጋ ነው፤ ጠዋት ጉሙ ከእንሰቱ ላይ ሳይነሳ ሰው ተጠቅልሎ ነው ከቤቱ የሚወጣው። ባርናባስም እንደለመደው ተጠቅልሎ ዲላ ወረደ። ዲላ ደግሞ በስስ ሸሚዝ እንኳ የሚያልብባት ከተማ ናት። በዚያ ላይ ልጁ አድጎ የሹራቡ እጅጌ አጥሮበት፣ ክርኑ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሳምሶን በመጀመሪያው ቀን «ብርድ ልብስ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ስሙም እንደ ማስቲካ ተጣበቀበት። ትናንት በእረፍት ሰዓት ባርናባስ ለስፖርት መምህሩ «እኔ ወደ ቡሌ ልመለስ ነው መሰለኝ» ሲል ሉሲ በጆሮዋ ሰምታለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች አትጠገብ። «በናትሽ ቶሎ በይ፣ ደወሉ ሊደወል ነው።»

አትጠገብ ክፉ ልጅ ናት ብሎ መገላገል ይቻል ነበር፤ ግን አይደለችም። ሉሲ አራተኛ ክፍል ሆና ወደዚህ ትምህርት ቤት የመጣች ቀን አጠገቧ ቦታ የለቀቀችላት እሷ ናት። እርሳስ ያዋሰቻት፣ ጥፍሯን የቀባቻት፣ ስታለቅስ ያሳቀቻት እሷ ናት። ያን ቀን አትጠገብ «ከየት ነው የመጣሽው?» ስትላት ሉሲ ጭቃ የነካውን ጫማዋን ዴስኩ ሥር ደበቀችና «ከሐዋሳ» አለች። ሐዋሳን አንድ ቀን በአውቶቡስ መስኮት አይታታለች። «በየቀኑ ዓሣ ትበሉ ነበር?» ስትባል ደግሞ «በየቀኑ» አለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የሉሲ ውሸት ግን እያደር ነው የከበደባት።

ይኸው አምስተኛ ዓመቷ። ባርናባስ የመጣ ቀን በክፍሉ በር ገብቶ፣ ቀጥታ ወደ እሷ መጥቶ፣ ፊቱ እየበራ «እማዬ ሰላም ብሎሻል» አላት። እናቱን «ብሎሻል» ማለቱን ስትሰማ አትጠገብ በሳቅ ዴስኩ ላይ ተደፋች። «ታውቂዋለሽ እንዴ?» ብላ ስትጠይቃት ሉሲ ደብተሯን መገልበጥ ቀጠለች።

«አላውቀውም።»

ባርናባስ ትንሽ ቆሞ አያት። ከዚያ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ሄዶ ተቀመጠ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አላናገራትም። እሷም ወሩን ሙሉ እሱን ላለማየት ስትጠነቀቅ ሹራቡንም ልብ ብላ አላየችውም ነበር።

አሁን ግን እጇ ላይ ነው። ጭስ ጭስ ይላል። ደረቱ ላይ ቢጫ መስመር አለው፤ የቀኝ እጅጌውም ላይ ቢጫ መስመር አለ። የግራው እጅጌ መስመር ግን ቢጫ ሆኖ ይጀምርና ድንገት ቀይ ይሆናል። ሉሲ ቀዩን ክር በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

ያን ጊዜ አባቷ ቡሌ ያስተምር ነበር፤ የሚኖሩትም በባርናባስ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ተከራይተው ነበር። ከእንሰቱ ጀርባ ቁልቁለት አለ። ዝናብ ሲያባራ ሁለቱ እርጥብ የእንሰት ልጣጭ ላይ ይቀመጡና ቁልቁል ይንሸራተታሉ፤ ታች ሲደርሱ ከጭቃው ብዛት ማን ማን እንደሆነ አይለይም ነበር። የባርናባስ እናት ሁለቱንም በአንድ ባልዲ ውኃ አጥባ፣ እሳት ዳር አስቀምጣ፣ ትኩስ ቆጮ በኮባ ቅጠል ላይ ታቀርብላቸዋለች። ሉሲ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር በልታለች፤ እንደዚያ የጣማት ግን የለም።

እናቷ ሸዋአለም በዚያ ብርድ ሥራ አትፈታም ነበር። በሁለት ረጃጅም መርፌዎች ሹራብ ትሠራለች። ለባርናባስ አረንጓዴውን የጀመረችለት ያን ክረምት ነው። «ሰፋ አድርጌ ነው የምሠራው፣ ያድግበታል» ትል ነበር። ሁለቱ ልጆች ደግሞ አንዲት የካልሲ ኳስ ነበረቻቸው፤ በመቷት ቁጥር ሆዷ እየተዘረገፈ አስቸገረቻቸው። አንድ ቀን ሉሲ ከእናቷ ቅርጫት ቢጫውን ክር እንዳለ አነሳችና ኳሷን ዙሪያዋን ጠመጠመችባት። ኳሷ አማረባት! ሲጫወቱባት ዋሉ፤ ማታ ላይ ያ ሁሉ ክር ከጭቃ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ።

«ማነው ይህን ያደረገው?» አለች ሸዋአለም፣ የተጀመረውን የግራ እጅጌ ይዛ። የባርናባስም እናት ከጎኗ ቆማለች። ሉሲ ጭቃ የነካውን እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

«እኔ ነኝ» አለ ባርናባስ።

ወደ ሉሲ እንኳ ዞር አላለም። እናቱ ጆሮውን ቆነጠጠችው። ቢጫ ክር ቡሌ አይገኝም፤ ዲላ ድረስ መውረድ ነው። ስለዚህ ሸዋአለም የቀረውን በቀይ ጨረሰችው። ሹራቡን ስታለብሰው «እንግዲህ ይህ ቀይ ክር ሌብነትህን ያስታውስህ» ብላ ሳቀችበት። እሱም አብሯት ሳቀ።

የሉሲን ስርቆት እጅጌው ላይ አድርጎ አምስት ዓመት ለበሰው።

«ሉሲ! ምነው ፈዘዝሽ?» አትጠገብ ገመዱን ነካ አደረገችባት።

«አልስበውም።»

«አታካብጂ። ቀልድ እኮ ነው።»

«ይህን ሹራብ የሠራችው እናቴ ናት» አለች ሉሲ። ከጀመረች ወዲያ መመለስ አልቻለችም። «ከሐዋሳ አልመጣሁም። ከቡሌ ነው የመጣሁት። ከሱ ጋር ነው ያደግሁት።»

ሳምሶን ስልኩን ዝቅ አደረገ። አትጠገብ ፈገግ ልትል ሞከረችና ተወችው።

«አምስት ዓመት ሙሉ ዋሽተሽኝ?»

«አዎ።»

«ዓሣውስ?»

«ዓሣውም።»

የአትጠገብ ዓይን እንባ አቀረረ። ሉሲ ይህን አልጠበቀችም፤ የጠበቀችው ስድብ ነበር። «ለኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለች አትጠገብ። ከዚያ ፊቷን አጠቆረች። «በቃ፣ ከብርድ ልብስሽ ጋር ተቀመጪ። ሰኞ አጠገቤ እንዳላይሽ።»

«ወይ ስጪኝ፣ ራሴ እሰቅለዋለሁ!» ብሎ ሳምሶን እጁን ዘረጋ።

ሉሲ ሹራቡን ወደ ደረቷ ሳበችው። ከሳምሶን ጋር ብትጓተት ሁለቱንም እጅጌ ዘልዝሎ እንደሚወስደው ታውቃለች። ሌላ ሐሳብ አልመጣላትም። ሹራቡን ዩኒፎርሟ ላይ በራሷ አጠለቀችው።

ደወሉ ተደወለ።

ተማሪው ከየክፍሉ ጎረፈ። መጀመሪያ ያዩዋት የሰባተኛ ክፍል ልጆች ቆሙ። አንዱ «ብርድ ልብስ እህት አለው እንዴ?» ብሎ ጮኸ፤ ከኋላው ያሉት በሳቅ ፈረሱ። ሳምሶን ስልኩን እንደገና አነሳው። ሹራቡ ሲሰቀል ሊቀዳ ነበር፤ አሁን እሷን መቅዳት ጀመረ። ሉሲ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ላብ በጀርባዋ ወረደ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ግን እግሯ ወደ በሩ አልሄደም፤ በተማሪው መሀል እየተጋፋች ወደ ሜዳው ሄደች።

ባርናባስ ኳሱን በብብቱ ይዞ ቆሞ ነበር። ሹራቡን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። ከኋላዋ የሚስቁትንም አየ። ነገሩ ገባው።

«ይሞቃል እኮ» አለ።

«አውቃለሁ።»

ሉሲ ግራ እጇን አንስታ ቀዩን ክር አሳየችው። በቃል ብትጀምር እንደምታለቅስ ታውቃለች። ባርናባስ ክሩን አይቶ መሬት መሬት አየ።

«የመጣህ ቀን፣ እናትህ ምን ብለው ነበር?» አለችው በመጨረሻ። «ያኔ አልሰማሁህም።»

ሰምታው ነበር። ሁለቱም ያውቃሉ። ባርናባስ ኳሱን ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው አዛወረ፤ የሚነግራት አይመስልም ነበር።

«እማዬ ሰላም ብሎሻል» አለ ቀስ ብሎ። «ደግሞ... ያቺ የክር ሌባ አደገች ወይ ብሎ ጠይቋል።»

«ያውቃሉ እንዴ?»

«ያኔውኑ ያውቅ ነበር። ጆሮዬን ሲቆነጥጥ እኮ አላመመኝም።»

ሉሲ ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት። በአጭሩ እጅጌ ጠረገችው፤ ጭስ ጭስ ይላል። ከባንዲራው እንጨት ሥር አትጠገብ ቦርሳዋን አንግታ ወደ እነሱ እያየች ቆማለች፤ ሳምሶን ክንዷን ቢስባትም አልተንቀሳቀሰችም። ሉሲ እጇን አውለበለበችላት። አትጠገብ አልመለሰችላትም፤ ግን ፊቷን አላዞረችም።

«ስጪኝ፣ አልቦሻል» አለ ባርናባስ።

«በሩ ጋ ስንደርስ» አለችው።

አብረው በተማሪው መሀል አለፉ። ሉሲ ሹራቡን እስከ በሩ ድረስ አላወለቀችውም።